ላሞቹ ኦክሲ ተወጉ፣ ጋዙ ቀነሰ፦ ማብላያው ይጠረግ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ቢሾፍቱ ዙሪያ ነው። አምስት ድቅል ላሞችና 8 ሜትር ኩብ ባዮጋዝ (እበት አብላልቶ ጋዝ የሚሰጥ ማብላያ) አለኝ። በቀን 50 ኪሎ ያህል እበት በእኩል ውሃ በጥብጬ እጨምራለሁ። ሰኔ ላይ አፍተግር ገብቶ ሦስቱ ላሞች 20 በመቶ ኦክሲ (ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ) ተወጉ። ወተታቸው ስለማይሸጥ በቀን 15 ሊትር ገደማ፣ ለሁለት ሳምንት፣ እዚያው ማብላያው ውስጥ ደፋሁት። ጋዙ መቀነስ ሲጀምር ደግሞ ከጎረቤት የዶሮ እርባታ ኩስ እያመጣሁ ጨመርኩበት። አሁን ወር አልፎታል። አራት ሰዓት ይነድ የነበረው ምድጃ ሁለት ሰዓት እንኳ አይዘልቅም። እሳቱም ደካማ ነው። ጎረቤቴ ‹መድኃኒቱ ማብላያውን ገድሎታል፣ ገብተህ ጠርገው› ይለኛል። ባለቤቴ መድኃኒቱ በጋዙ በኩል ወጥ ውስጥ ይገባል ብላ ፈርታለች። ስለሪውን (ከማብላያው የሚወጣውን ፈሳሽ እበት) የማውለው ለጎመን ነው። ምን ላድርግ?»

ማብላያውን አይጥረጉ። ውስጡም አይግቡ። ይህን ያስቀደምኩት ከጋዝ መቀነስ የሚበልጥ ነገር ስለሆነ ነው። ማብላያ ውስጥ ሚቴን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አለ። ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው በትንሹ ሲኖር ነው። ሲበዛ የማሽተት ችሎታን ስለሚያደነዝዝ ሽታው የጠፋ ይመስላል። ብዙ ጊዜ የሚሞተው ቀድሞ የገባው ብቻ አይደለም፣ እሱን ላውጣ ብሎ የተከተለውም ጭምር ነው። ጎረቤትዎ ለበጎ ብለው ነው የመከሩት፣ ምክሩ ግን ሰው ይገድላል።

ሁለተኛ፣ ባለቤትዎን ያረጋጓቸው። ኦክሲቴትራሳይክሊን አይተንም። ከጋዙ ጋር ተነስቶ በቱቦ ወደ ምድጃ የሚሄድበት መንገድ የለውም። የሚቀረው ፈሳሹና ዝቃጩ ውስጥ ነው። ወጡንም ቡናውንም በጋዙ ይሥሩ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በሌላው በር፣ ማለትም በስለሪው ማስወጫ በኩል ነው። ወደኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። ላም የተወጋችው አንቲባዮቲክ ሰውነቷ ውስጥ ተፈጭቶ አያልቅም። ኦክሲቴትራሳይክሊን አብዛኛው መልኩን ሳይቀይር በሽንትና በእበት ይወጣል። ስለዚህ እበቱ ውስጥ መድኃኒት አለ ማለቱ ልክ ነው። ማብላያውን ይጎዳል ማለቱም መሠረት አለው። ጥያቄው ምን ያህል የሚለው ነው።

ማብላያው ውስጥ የሚሠሩት በሁለት ተከፍለው ይታያሉ። መጀመሪያ ባክቴሪያዎች እበቱን ይሰባብሩታል። ከዚያ ወደ አሲድ፣ ወደ ሃይድሮጅንና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጡታል። ቀጥሎ አርኬያ የሚባሉ ሌሎች ረቂቅ ነፍሳት ያንን ተቀብለው ሚቴን ያደርጉታል። አንቲባዮቲክ በዋናነት የሚመታው የመጀመሪያዎቹን ነው። ለምሳሌ ፔኒሲሊን የሚያፈርሰው የባክቴሪያን ግድግዳ ነው፣ አርኬያ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ግድግዳ የላቸውም። ግን ቀላቢዎቹ ሲዳከሙ ተቀላቢዎቹም ምግብ ያጣሉ። ስለዚህ መድኃኒት ሲገባ ጋዙ በአንድ ሌሊት ድርግም አይልም። ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ረቂቅ ነፍሳቱ ሲላመዱ ደግሞ ቀስ እያለ ይመለሳል።

በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ሙከራ አለ። ጥጃዎች ለአምስት ቀን፣ በቀን በኪሎ ክብደት 22 ሚሊግራም ኦክሲቴትራሳይክሊን ተሰጣቸው። እበታቸው ለ64 ቀን ማብላያ ውስጥ ተቀመጠ። መጀመሪያ በሊትር ወደ 10 ሚሊግራም የሚጠጋ መድኃኒት ነበረው። ጋዙ መድኃኒት ከሌለው እበት ጋር ሲነጻጸር በ27 በመቶ ቀነሰ። መድኃኒቱ በግማሽ ለመቀነስ 56 ቀን ወሰደበት።

የእርስዎን እናስላ። 20 በመቶ ኦክሲ በአንድ ሚሊሊትር 200 ሚሊግራም አለው። የተለመደው መጠን ለ10 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊሊትር ነው። 400 ኪሎ ለምትመዝን ላም 40 ሚሊሊትር፣ ማለትም 8 ግራም መድኃኒት ይሆናል። አንድ አንድ ጊዜ ከተወጉ ለሦስቱ ላሞች 24 ግራም። 8 ሜትር ኩብ የሚባለው ማብላያ የጋዙን ቦታ ጭምር ስለሚቆጥር ፈሳሹ 6,000 ሊትር ገደማ ነው። 24 ግራሙ በሙሉ፣ አንዲት ጠብታ ሳይቀር፣ ማብላያው ውስጥ ገባ ብንል እንኳ በሊትር 4 ሚሊግራም ነው። በእውነቱ ደግሞ ከዚህ ያንሳል። ብዙው በሽንት ይወጣል፣ ሽንቱም ሁሉ ወደ ማስገቢያው አይፈስም። እበቱም ቢሆን እርስዎ የሚጠቀሙት ግማሹን ያህል ነው። በየቀኑ 100 ሊትር ገብቶ 100 ሊትር ስለሚወጣም ፈሳሹ በሁለት ወር ይታደሳል፣ ወር ደግሞ አልፏል። ከገባው ውስጥ ዛሬ ግማሹም መቅረቱን እጠራጠራለሁ። ደለሉ ላይ የተጣበቀው ትንሽ ይቆያል። መርፌው ከተደጋገመ ቁጥሩ በዚያው ልክ ያድጋል፣ ያኔም ስሌቱን እንደገና መሥራት ያስፈልጋል።

ባጭሩ፣ ከሙከራው ግማሽ በታች የሆነ መድኃኒት ብቻውን ጋዝዎን በ50 በመቶ ያወርደዋል ብዬ አልገምትም። ሌላ ተጠርጣሪ መፈለግ አለብን። ተጠርጣሪው ደግሞ ደብዳቤዎ ውስጥ ተጽፏል፤ እርስዎ ወንጀሉን ለኦክሲ ሰጡት እንጂ።

ወተቱ ነው። 15 ሊትር ወተት ውስጥ ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ ደረቅ ነገር አለ። ስኳር፣ ቅባትና ፕሮቲን ነው። 50 ኪሎ እበት ውስጥ ያለው ደረቅ ነገር 8 ኪሎ ቢሆን ነው፣ አብዛኛውም ገለባና ቃጫ ስለሆነ የሚበላው ቀስ ተብሎ ነው። የወተት ስኳር ግን በሰዓታት ውስጥ አሲድ ይሆናል። አሲድ ሠሪዎቹ ፈጣን ናቸው። ሚቴን ሠሪዎቹ ግን ቀርፋፋ ናቸው፣ በብርድ ደግሞ ይብስባቸዋል። አሲዱ ሲከማች ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ቁጥር፣ አሲድ ሲበዛ የሚያንስ) ይወርዳል። ሚቴን ሠሪዎቹ የሚመቻቸው ከ6.8 እስከ 7.5 ገደማ ነው። ከ6.5 ሲወርድ ሥራ ያቆማሉ፣ እነሱ ሲያቆሙ አሲዱ የበለጠ ይከማቻል። ቅባቱም ላይ ላይ ተንሳፍፎ ስብ ያለው ቅርፊት ይሠራል። እሳቱ ደካማ ነው ያሉት ከዚህ ጋር ይገጥማል። እንዲህ ያለ ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በዝቶ ሚቴኑ ያነሰ ነው። በወተቱ ውስጥ የነበረው መድኃኒት ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በመርፌ ከተሰጠ ኦክሲ ወደ ወተት የሚያልፈው በሊትር በሚሊግራም የሚቆጠር ነው። ጡት ውስጥ በሚገባ ቱቦ የታከመች ላም ወተት ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እናገር ነበር።

ቀጥሎ የዶሮው ኩስ። ጋዝ ሲቀንስ ኩስ መጨመር ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው። በጤነኛ ማብላያ በትንሹ ቢጨመር ጋዙን ያሳድጋል እንጂ አይጎዳም። በታመመ ማብላያ ላይ ግን ሸክም ነው። ኩስ ናይትሮጅኑ ብዙ ነው፣ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣዋል። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ዶሮዎቹ የሚበሉት ነው። የሥጋ ዶሮ መኖ ውስጥ ኮክሲዲያ የሚባለውን የአንጀት በሽታ ለመከላከል ሞኔንሲን ወይም ሳሊኖማይሲን የሚባል መድኃኒት ሊጨመር ይችላል። እነዚህ በሕክምና ጊዜ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ከመኖ ጋር የሚሰጡ ናቸው። ሞኔንሲን ሚቴን የማፈን ጠባዩ ከድሮ የታወቀ ነው። እንዲያውም በውጭ አገር ለከብት የሚሰጥበት አንዱ ምክንያት በሆዷ ውስጥ ያለውን መብላላት መቀየሩ ነው። ማብላያ ደግሞ ከከብት ሆድ ብዙም አይለይም። የእንቁላል ዶሮ ከሆነ በመጠጥ ውሃቸው ውስጥ ምን እንደሚበጠበጥ ይጠይቁ። ኢንሮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክና ወገኖቹ ከደለል ጋር ተጣብቀው በቀላሉ የማይፈርሱ ናቸው። እርባታው ምን እንደሚጠቀም የማይነግርዎ ከሆነ ኩሱን አይቀበሉ። ነጻ ነው ተብሎ የመጣ ነገር ሁሉ አይወሰድም።

ወቅቱም አለበት። ሐምሌ ላይ የማብላያው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፣ ሚቴን ሠሪዎቹ የሚወዱት ደግሞ 35 አካባቢ ነው። የጣሪያ ውሃ ወደ ማስገቢያው የሚወርድ ከሆነ እበቱ ይቀጥናል፣ ይቀዘቅዛል። አፍተግር ሲገባ በረቱን በበረኪና ወይም በሌላ ኬሚካል አጥበው እንደሆነም ያስታውሱ። ለመዥገር የተረጨ መድኃኒት እጣቢም እንዲሁ ነው። የበረት እጣቢ በሙሉ በቦይ ወደ ማብላያው እንዲገባ አድርጎ የሠራ ሰው ብዙ ነው። በደህና ቀን ጥሩ ነው፣ በሽታ ሲገባ ግን ቦዩን የሚዘጋ አንድ ጡብ ያስፈልጋል።

እነዚህን ከመነካካትዎ በፊት የቱቦውን መጋጠሚያዎች በሳሙና አረፋ ይፈትሹ። የውሃ ማስወገጃውንም ይክፈቱ። ቱቦ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ጋዝ ሲዘጋ አይቻለሁ፣ ባለቤቱ ግን ለሳምንታት እበቱን ሲረግም ነበር።

ከዚያ የፒኤች ወረቀት ይግዙ። የላቦራቶሪ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ዘንድ አይጠፋም፣ ዋጋውም አይከብድም። ማስወጫው ላይ ያለውን ስለሪ በዘንግ በደንብ አማስለው ይለኩ። ከ6.5 በታች ከሆነ ለአምስት ቀን ምንም አይጨምሩ። ወተትና ኩስ ደግሞ ለአምስት ቀን ሳይሆን ለዘለቄታው ይቁም። ግማሽ ኪሎ ኖራ በባልዲ ውሃ በጥብጠው በማስገቢያው ያፍስሱ። ከሁለት ቀን በኋላ ይለኩ፣ አሁንም ዝቅተኛ ከሆነ ይድገሙ። በአንዴ ብዙ ኖራ አይጨምሩ። ኖራው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በፍጥነት መጥጦ የጉልላቱን (ጋዙ የሚጠራቀምበትን የማብላያውን ጣሪያ) ግፊት ሊያዛባ ይችላል። ፒኤች ከልክም በላይ ከወጣ ረቂቅ ነፍሳቱ በሌላ በኩል ይጎዳሉ። ኖራ ሲነኩ ጓንት ያድርጉ፣ ዓይንዎን ይጠብቁ።

ፒኤች ከ6.8 ሲያልፍ በግማሽ ይጀምሩ፦ 25 ኪሎ እበት፣ 25 ሊትር ውሃ። ውሃው ፀሐይ ላይ የዋለ ቢሆን ይመረጣል። እበቱ ካልተወጉት ላሞች ይሁን። ለሁለት ሳምንት በዚህ ቆይተው ወደ ሙሉው ይመለሱ። መጀመሪያ የሚወጣው ጋዝ በደንብ ላይነድ ይችላል፣ አይደንግጡ።

ታዲያ ኦክሲን ነጻ ለቀኩት ማለት ነው? አይደለም። የአሁኑ ችግር ዋና ምክንያት አይደለም ነው ያልኩት። ከዚህ በኋላ ግን የታከመች ላም እበት ማብላያ ውስጥ መግባት የለበትም፣ ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ ቢያንስ ለ10 ቀን። ረጅም ጊዜ የሚቆየው ዓይነት ከሆነ ለሁለት ሳምንት። ይህ ለእርስዎ ከባድ አይደለም። አንዲት ድቅል ላም በቀን 20 ኪሎ ያህል እበት ትጥላለች። ያልተወጉት ሁለቱ ላሞች ብቻ 40 ኪሎ ይሰጡዎታል፣ የሚያስፈልግዎት 50 ነው። ለሁለት ሳምንት ትንሽ ጋዝ ይቀንሳል፣ ያ ብቻ ነው። አንድ ላም ብቻ ላለው ሰው ግን ምክሬ የተለየ ነው። እሱ መጨመሩን ሙሉ በሙሉ ከሚያቆም በግማሽ ቀንሶ ቢቀጥል ይሻለዋል።

የታከሙትን እበት ከጭድ ጋር ቀላቅለው ኮምፖስት ያድርጉት። ወተቱንም እዚያው ክምር ላይ፣ በጭድና በደረቅ እበት እያስመጠጡ ይድፉት። ከጉድጓድ ውሃና ከወንዝ የራቀ ይሁን። ማፍላት መድኃኒቱን አያጠፋውምና አፍልቶ መጠጣት መፍትሔ አይደለም። ለጥጃም አይስጡት። በመድኃኒት የተነካ ወተት የጥጃዋ ሆድ ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች መድኃኒት ያለማምዳል። የአፍተግር ላም ወተት ደግሞ ቫይረሱን ይዞ የጥጃን ልብ አጥቅቶ በድንገት ሊገድል ይችላል። ወተቱ ስንት ቀን እንደማይሸጥ ከሐኪሙ አፍ ብቻ አይስሙ፣ የብልቃጡን መለያ ያንብቡ። እንደ ዓይነቱ ይለያያል።

የስለሪው ነገር። ብዙ ሰው ማብላያ ውስጥ ያለፈ እበት ንጹሕ ነው ብሎ ያምናል። ሽታውና ዝንቡ ስለሚቀንስ ይመስላል። 20 ዲግሪ ላይ የሚሠራ ጉልላት ግን ጀርሞችን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። አንቲባዮቲክ የተላመዱ ባክቴሪያዎችና የመላመዱን ጠባይ የሚያስተላልፉት ጂኖችም በከፊል ያልፋሉ። በ55 ዲግሪ የሚሠሩ ትላልቅ ማብላያዎች የተሻለ ያጸዳሉ፣ የእኛ የቤተሰብ ጉልላት ግን እዚያ አይደርስም። እንደ ፔኒሲሊን ያሉት ቶሎ ይፈርሳሉ። ኦክሲ ግን ከደለሉ ጋር ተጣብቆ ይወጣል።

ጎመኑ መድኃኒቱን ከአፈር ይመጥጣል ወይ ለሚለው፣ ትንሽ ይመጥጣል። በእርስዎ ጥቁር አፈር ላይ ግን ኦክሲ ከሸክላው ጋር አጥብቆ ይያያዛልና የሚያሳስበኝ ያ አይደለም። የሚያሳስበኝ ቅጠሉ ላይ የሚረጨው ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ነው። ጎመን ይቀቀላል፣ እሱ ባልከፋ። ግን ያው እጅ፣ ያው ቢላዋና ያው መክተፊያ ሰላጣና ቲማቲም ይነካል። መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ቤት ከገባ ነገ ልጅ ሲታመም ሐኪም ቤት የሚታዘዘው መድኃኒት ላይሠራ ይችላል።

ስለዚህ ስለሪውን ከመስከረም በፊት ጎመኑ ላይ አያፍስሱ። በሁለት መንገድ ይጠቀሙበት። አንዱ፣ ለዝሆን ሳርና ለበቆሎ በቀጥታ፣ ከአፈሩ ጋር እየቀላቀሉ። ዝሆን ሳሩን ለላሞቹ የሚያጭዱት ከሆነ ካፈሰሱበት በኋላ ቢያንስ አንድ ወር ይጠብቁ። ሁለተኛው፣ ለጓሮ አትክልት ከሆነ መጀመሪያ ወደ ኮምፖስት። ጉድጓዱ ውስጥ ጭድ፣ ቅጠልና ስለሪ እያፈራረቁ ይደርድሩ። መሃሉ ላይ ብረት ሰክተው ሲያወጡት እጅ የሚያቃጥል መሆን አለበት፣ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ማለት ነው። እያገላበጡ ለሦስት ወር ያቆዩት። የዳርቻው ክፍል መሃል ገብቶ ካልሞቀ ሥራው ግማሽ ነው። ይህም ቢሆን የተላመዱትን ባክቴሪያዎች ወደ ዜሮ አያወርዳቸውም፣ በጣም ይቀንሳቸዋል። ኮምፖስቱን ከመትከልዎ በፊት አፈር ውስጥ ይጨምሩ እንጂ የበቀለ ቅጠል ላይ አያድርጉ።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር። አፍተግር ቫይረስ ነው። ኦክሲ አያድነውም። ሐኪም የሚያዘው ቁስሉ በባክቴሪያ ሲመረዝ ወይም ጡቷ አብሮ ሲታመም ነው፣ ያኔ ተገቢ ነው። ሦስቱም ላሞች ያንን ምልክት አሳይተው ነበር ወይስ «ለማንኛውም» ተብለው ተወጉ? ሁለተኛው ከሆነ የወተቱ ኪሳራ፣ የእበቱ ጣጣና የመድኃኒቱ ዋጋ በከንቱ የመጡ ናቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ለሐኪሙ «ለምንድን ነው የሚወጋው?» ብለው ይጠይቁ። ከመድኃኒት መደብር ራስዎ ገዝተው መውጋትም ይቅር። ከዚያ ይልቅ በክትባቱ ጊዜ ይነጋገሩ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ፒኤች ከ6.8 በላይ ሆኖ ጋዙ መመለስ ካልጀመረ፣ ያኔም መግባት የለም። በማስወጫው በኩል፣ ከውጭ ሆነው፣ በባልዲ ሲሶውን ስለሪ ያውጡ። ከዚያ በፊት ግን ቫልቩን ከፍተው ጋዙን ያስተንፍሱ፣ በአካባቢው እሳትና ሲጋራ አይኑር። በምትኩ ደህና ከሚሠራ የጎረቤት ባዮጋዝ ሦስትና አራት በርሜል ስለሪ አምጥተው በማስገቢያው ያፍስሱ፣ ላሞቹ በቅርቡ ያልተወጉ መሆናቸውን ጠይቀው። ይህም ካልሠራ ጉልላቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ያ የእኔ ሳይሆን የግንበኛው ሥራ ነው፤ የወረዳውን የኢነርጂ ባለሙያ ይዘው ይምጡ።